ገበያ ሙሉ ሰው በአንድ ቁጥር

«ለመሆኑ ይህን ቁጥር ለእኛ ማን ሰጠን?»

አያ አዝመራው ይህን ሲጠይቁ የአለንጋቸውን ጫፍ ወደ ኮምፒውተሩ ቀስረው ነበር። እንግዳው የሚባለው ወጣት ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። ስለ ኔትወርክ ሊማር ፊንላንድ ድረስ ሄዶ ስድስት ዓመት ተቀምጧል። በዚሁ ጉዳይ ተፈትኖም አልፏል። ፈተናው ላይ ግን «ለእኛ» የሚል ቃል አልነበረበትም።

ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ቀይ ነው። እንግዳው ለሁለተኛ ጊዜ ወደ አማርኛ መለሰላቸው፦ «ለዚህ ፎቶግራፍ የተሰጠው ድምፅ ከአንድ አድራሻ የመጣ በመሆኑ፣ አንድ ሰው ደጋግሞ እንደሰጠው ቆጥረነዋል። ፎቶግራፉ ከውድድሩ ወጥቷል።» ከሥሩ አድራሻው ተጽፏል፤ በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች።

«አንድ ሰው!» አሉ አያ አዝመራው። «ትናንት እዚህ በር ላይ የተሰለፈው አንድ ሰው ነው? ያ ሁሉ የዘንገና ሰው፣ ያ ሁሉ የኮሰበር ሰው፣ ውቢት ከነምርኩዟ፣ አንድ ሰው?»

«እንደዚያ ነው የሚለው፣ አያ።»

«እንግዲያው ሰውየው ትልቅ ሰው ነው» አለች የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ደብሪቱ፣ መጥረጊያዋን እንደያዘች። «ጭቃውን ሳያራግፍ ነው የገባ። ይኸው እስካሁን እየጠረግሁለት ነው።»

ሁሉም ሳቁ፤ በሩ አጠገብ ከተቀመጠው ከፎቶ አንሺው ከይኸነው በቀር። ይኸነው ጉልበቱ ላይ አንድ የተጨፈለቀ ካሜራ አስቀምጦ፣ የታመመ ጫጩት እንደያዘ ሰው በሁለት እጁ ሸፍኖታል።

ነገሩ የመጣው ከጥር ነው። ጥር ሃያ ሦስት የፈረስ ቀን ነው፤ የአዊ ፈረሰኛ ፈረሱን ግላስ አልብሶ፣ ራሱ ቡልኮ ደርቦ ኮሰበር ከተማ ላይ ይወርዳል። በዚያ ቀን ይኸነው ሜዳው ጥግ ተንበርክኮ አንድ ፎቶ አነሣ። አያ አዝመራው ዳማ ፈረሳቸው ላይ ናቸው። አራቱም የፈረሱ እግሮች አየር ላይ ናቸው። ሽማግሌው ወደ ኋላ ዞረው፣ ሊደርስባቸው ባልቻለው ወጣት ላይ ጥርሳቸውን ሁሉ አሳይተው ይስቃሉ። ፎቶውን ያየ ሁሉ አብሯቸው ይስቃል።

ሳምንት ሳይቆይ ዳንግላ ላይ ሰርግ ነበር። ሙሽሮቹ በጋሪ፣ አጃቢው በጋሪ። ይኸነው ከፊት ያለችውን ሙሽራ ሊያነሣ ከጋሪው ጎን ተንጠልጥሎ ወጣ። ጎማው ጉድጓድ ገባ፤ ካሜራው ከእጁ ወደቀ፤ የኋለኛው ጋሪ፣ አማቾቹን የጫነው፣ ሄደበት። «አንድ አማት ቢሆን ይተርፍ ነበር» ይላል ይኸነው፣ ሲያወራው ደስ ባለው ቀን።

ከዚያ ወዲህ ደስ ያለው ቀን አልነበረም። ፎቶ ቤቱ ውስጥ መጋረጃው አለ፣ ወንበሩ አለ፣ የሚያነሣበት የለም። ባሕር ዳር ያለው የእህቱ ባል የብሎኬት ሥራ አግኝቶለታል። «ካሜራ ከተገኘ እቀመጣለሁ» ብሎ ነበር ይኸነው። «ካልተገኘ ፋሲካን በልቼ እሄዳለሁ። መታወቂያ የሚያወጣ ሰው ፎቶውን በምራቅ አያጥበውም።»

ፎቶውን ባሕር ማዶ ለሚካሄድ ውድድር የላከው እንግዳው ነው። ለአንደኛው የሚሰጠው ሽልማት ካሜራ መሆኑን አንብቦ ነበር። እንግዳው እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኝ አይኑ ይበራል፤ ማግስቱን ደግሞ ምን አገባኝ ይላል። ከፊንላንድ ከመጣ ወራት ሆኖታል፤ ሻንጣውን ግን ገና ሙሉ በሙሉ አልፈታውም። ከላይ ያለውን ይለብሳል፣ ከሥር ያለው እንደታጠፈ ነው። የፊንላንድ አስተማሪው «ቦታው ክፍት ነው፣ ትመለሳለህ ወይ?» ብለው ጽፈውለታል። እስካሁን አልመለሰላቸውም። ኮሰበር ውስጥ ሲቀመጥ እግሩ መንገድ መንገድ ይለዋል፤ መንገድ ላይ ሲሆን ደግሞ ምን ፍለጋ ነው የምሄደው ይላል።

ፎቶው ለመጨረሻው ዙር አለፈ የሚል መልእክት ሲመጣ አያ አዝመራው ደብሪቱ ቤት ነበሩ።

«አሁን የሚዳኘው ሕዝብ ነው» አላቸው እንግዳው። «ድምፅ ብዙ ያገኘ ያሸንፋል።»

«ሕዝብ?» አሉ ሽማግሌው። «ካሜራ ነው እንጂ የጠፋብን፣ ሕዝብማ አለን!»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ቆመው ወንፈል ጠሩ። «ለአጨዳ ስንጠራራ ወገብ ነው የምንዋዋስ። ይሄ ጣት ብቻ ነው የሚፈልግ። በገበያ ቀን ደብሪቱ ቤት ግቡና ጣታችሁን ለይኸነው አውሱት።»

ወንፈል ብድር ነው፤ የታረሰለት ያርሳል፣ የታጨደለት ያጭዳል። ስለዚህ አንዱ ከኋላ «እሱስ በምን ይመልስልናል?» ብሎ ጮኸ። ይኸነው ፊቱ ቀላ። «ካሜራው ሲመጣ ድምፅ የሰጠውን ሁሉ ፎቶ አነሣለሁ» አለ። በዚህ ተማመኑ።

በገበያው ቀን የሆነውን ኮሰበር ገና ብዙ ታወራዋለች። ድንች ሸጦ የመጣ፣ ሊሸጥ የመጣ፣ ከነቀርቀሃው የመጣ፣ ሰልፉ ከደብሪቱ በር እስከ ባጃጅ ማቆሚያው ደረሰ። ያሉት ሦስት ኮምፒውተሮች ናቸው። እንግዳው መሐል ቆሞ እያንዳንዱን ሰው የመዳፊቱን ቁልፍ ያስነካል።

«የቱን ልንካ?» አሉ እትዬ ውቢት፣ ምርኩዛቸውን ለደብሪቱ አስይዘው።

«ይቺን፣ እትዬ።»

«ጠበቅ አድርጌ ወይስ ቀስ ብዬ?»

«ቀስ ብለው።»

«ቀስ ካልሁ ባሕር ማዶ ይሰማል?»

«ይሰማል።»

«እኔማ ልጄን ጎረቤት ድረስ ጮኼ ነው የምጠራ» አሉ፤ ነኩትም። ቁጥሩ በአንድ ከፍ ሲል ደነገጡና እጃቸውን ሰበሰቡ።

ከፊት የሚመራው ፎቶ በረዶ ላይ የተጋደመ አንድ ወፍራም የባሕር እንስሳ ነበር። ሰልፈኛው ተናደደበት። «ተኝቶ ነው የሚያሸንፈን? ፈረስ እየጋለበ?» እያለ ሁሉም ይነካል። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ዳማው እንስሳውን አለፈው። ሴቶቹ እልል አሉ፤ እንግዳውም ሳያውቀው ሲያጨበጭብ ራሱን አገኘው።

እንግዳው ሁሉም ድምፅ ከአንድ ቁጥር እየወጣ መሆኑን ያውቅ ነበር። ያውቃል ማለት፣ ቢጠይቁት ይመልሳል። የጠየቀው ግን የለም፤ እሱም ራሱን አልጠየቀም። በተማረበት ዩኒቨርሲቲ እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱ ቁጥር ነበረው፤ ኮሪደር ላይ የቆመው የቡና ማሽን እንኳ አንድ ነበረው። ከሰው ጋር በአንድ ቁጥር መዳበል ማለት መጽሐፍ ላይ ያነበበው ነገር ነው። ድምፁን ለዳንግላም ለባሕር ዳርም ማከፋፈል ይቻል ነበር። ወንፈል ግን ተበታትኖ አይሠራም፤ ወንፈል አንድ ማሳ ላይ፣ በአንድ ቀን፣ ትከሻ ለትከሻ ነው። ስለዚህ ገበያ ሙሉ ሰው በአንዲት ጠባብ በር አለፈ። በማግስቱም ቀዩ ጽሑፍ መጣ።

አያ አዝመራው ቀዩ ጽሑፍ ከተነበበላቸው በኋላ እንግዳውን ክንዱን ይዘው ወደ ውጭ፣ ዳማው ወደታሰረበት አወጡት።

«በል አስረዳኝ። እንደ ፈረንጅ ሳይሆን እንደ ሰው።»

እንግዳው የፈረሱን ግንባር እያሻሸ ጀመረ። «ኢንተርኔት ላይ ያለ ሁሉ መልስ የሚደርስበት አድራሻ ያስፈልገዋል። አድራሻው ቁጥር ነው። የደብሪቱ ቤት አንድ መስመር አላት፣ አንድ ቁጥር ተሰጥቷታል። ከውስጥ ሦስት ኮምፒውተር ይኑር፣ ሦስት መቶ ሰው ይግባ፣ ከውጭ ያለ ሰው በሩን ነው የሚያየው።»

«በር አንድ ስለሆነ ቤተሰቡ አንድ ሰው ነው?»

«አይደለም። እነሱ ግን ከሩቅ መለየት አይችሉም።»

«እሺ። አዳዩ ማን ነው?»

«ከሁሉ በላይ አንድ መዝጋቢ አለ፣ አሜሪካ። እሱ ለአምስት መዝጋቢዎች በገፍ በገፍ ያከፋፍላል። የአፍሪካው ሞሪሸስ የምትባል ደሴት ላይ ነው። ደሴቱ ለየአገሩ የኢንተርኔት አቅራቢ ይሰጣል፣ አቅራቢው ለየደንበኛው።»

«ደሴት ላይ!» አሉ አያ አዝመራው። «ዙሪያው ውሃ፣ መሐሉ ቁጥር። እና ድልድሉ በነፍስ ወከፍ ነው?»

«አይደለም።» እንግዳው ሳያስበው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መጀመሪያ የመጣው ብዙ ወሰደ። በዚያን ጊዜ ያልቃል ብሎ ያሰበ አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ብቻውን አሥራ ስድስት ሚሊዮን ቁጥር ይዟል።»

«ምን ይዘራበታል?»

«አብዛኛው ጦም ያድራል።»

ሽማግሌው አለንጋቸውን በብብታቸው ያዙ። መሬት ሲደለደል፣ ቀድሞ የቆመ ጥቁሩን አፈር ሲይዝ፣ የዘገየ ደንጊያውን ሲወርስ አይተዋል። «ገባኝ» አሉ። «ይሄማ የማውቀው ነገር ነው። ቁጥሩ የባለ ይዞታው ነው ወይስ የመዝጋቢው?»

«የተሰጠው ይጠቀምበታል እንጂ የራሱ አይደለም፤ ደንቡ እንደዚያ ይላል። ፊት ፊት የወሰዱት ግን የራሳችን ነው እያሉ ይከራከራሉ።»

«መቼም ይላሉ። አለቀ እንዴ?»

«የእስያው ተሟጧል፣ የአውሮፓውም ተሟጧል። የአፍሪካው ገና አለ።»

«ካለ ታዲያ ለምን የደብሪቱ በር አንድ ብቻ ሆነ?»

እንግዳው ብዙ መልስ ነበረው። አቅራቢው ሲጠይቅ ነው የሚሰጠው፤ ጠያቂው ስለ ጥያቄው ማስረዳት አለበት፤ ደግሞ አዲስ ዓይነት ረጅም ቁጥር ወጥቷል፣ ለእያንዳንዱ የጤፍ ፍሬ አንድ ቢታደል የማያልቅ፣ ግን ገና እዚህ አልደረሰም። ይህን ሁሉ ተናገረ። ሲናገረው ሁሉም እውነት ነበር፤ ተናግሮ ሲጨርስ ግን ጥያቄው እንዳለ ቆሞ ጠበቀው።

«ብዙ ተምረሃል» አሉ አያ አዝመራው፣ ሊያሾፉበት ይሁን ሊያመሰግኑት አልለየም። «አሁን ይኸነውን እንዴት እናድርገው?»

ይኸነው በሩ ላይ ሆኖ ይሰማ ነበር። «እኔን ተዉኝ» አለ። «እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። የአገሩን ሰው ሁሉ ወንፈል በልቻለሁ። ካሜራ የለኝ፣ በምን እመልሳለሁ? ባሕር ዳር ብሄድ እንኳ ወሬው አይለቀኝም። ‹የኮሰበርን ጣት ይዞ ጠፋ› ነው የምባል።»

«ደብዳቤ እንጻፍላቸው» አለ እንግዳው። «ብዙ ነን፣ በሩ ነው አንድ፣ እንበላቸው።»

«ማን ያምናል?» አለች ደብሪቱ ከውስጥ። «ሌባ ሁሉ ‹እኔ አይደለሁም፣ እኛ ነን› ይላል።»

«ማስረጃማ ያስፈልጋል» አለ እንግዳው።

አያ አዝመራው ወደ ሰማይ ቀና ብለው ሳቁ። ልክ ፎቶው ላይ እንዳሉት፣ ጥርሳቸው ሁሉ ታየ። «እናንተ ልጆች፣ ሰዎቹ ፎቶ አወዳዳሪ አይደሉም? ዓይን አላቸው ማለት ነው። ማስረጃው ሰው ነዋ! ድምፅ የሰጠውን ሁሉ አቁመን እናሳያቸው።»

«በምን?» አለ ይኸነው፣ የተጨፈለቀውን ካሜራ ከፍ አድርጎ።

እንግዳው ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ከፊንላንድ ይዞት የመጣው ነው። ይኸነው ተቀብሎ ገለባበጠው። «ይሄ ለወሬ ነው የሚሆን» አለ፤ ግን አልመለሰለትም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ኮሰበር ዳር ያለው ሜዳ ላይ ወጣ። «አንድ ሰው ናችሁ ተብላችኋል» የሚለው ወሬ ከማንኛውም ጥሪ በላይ ሠርቷል፤ ድምፅ ያልሰጠ ሁሉ ተቆጥቶ መጥቷል። ፈረሰኞቹ ከነግላሳቸው፣ እትዬ ውቢት ከነምርኩዛቸው፣ ደብሪቱ ቤቷን ዘግታ። ይኸነው ሁሉንም ለማየት ከፍታ አጣ። ዙሪያውን አማተረና ጫማውን አወለቀ፤ ከዚያ ዳማው ጀርባ ላይ ወጥቶ ቆመ። አያ አዝመራው ልጓሙን ያዙለት።

«አያ፣ እንዳይንቀሳቀስ!»

«ለእሱ ንገረው፣ እኔማ ቆሜያለሁ።»

ይኸነው ከፈረሱ ላይ ሆኖ የዘንገናን ሰዎች በአዊኛ፣ የከተማውን በአማርኛ ያዝዛል። «እናንተ ወደ ግራ! ጋቢህን ከሰውየው ፊት አንሣለት! እትዬ ውቢት፣ ወደፊት ይምጡ፣ ለእርስዎ ሲባል ነው የተጣላን!» እንግዳው እንዲህ ያለ ድምፅ ከይኸነው ሰምቶ አያውቅም። እሱ ራሱ ከፈረሱ ጎን፣ ከፎቶው ውጭ፣ እጁን አጣምሮ ቆሟል፤ የሚያውቀው ቦታ ነው።

«አንተስ?» አለው ይኸነው ከላይ።

«እኔ ምን?»

«አንተም በገበያው ቀን ነክተሃል አይደል? ከዚያው በር አይደል የወጣኸው? ግባ እንጂ፣ አታጉድልብኝ!»

እንግዳው ሄዶ የት እንደሚቆም ግራ ገባው። እትዬ ውቢት እጅጌውን ጎትተው አጠገባቸው አቆሙትና ምርኩዛቸውን አስያዙት። «ፎቶ ላይ ያረጀሁ እንዳልመስል» አሉት።

ዳማው በዚያች ቅጽበት አነጠሰ። ይኸነው ተንገዳገደ፣ ሕዝቡ ሁሉ በአንድ አፍ «እእእ!» አለ፣ ጣቱም ስልኩን ተጫነ። በዚያ ፎቶ ላይ ገበያ ሙሉ ሰው አፉን ከፍቶ፣ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ አንድ የሚወድቅ ሰው ሊቀበል ይዘጋጃል። አንዱ ፊት ከሌላው አይመሳሰልም።

ይኸነው አልወደቀም። ወርዶ ስልኩን አየ፤ ለአያ አዝመራው አሳየ። ሽማግሌው አገላብጠው አዩትና ለሕዝቡ ጮክ ብለው «ወንፈላችንን መልሷል!» አሉ። «ሁላችንንም አንሥቷል! ከዛሬ ወዲያ ይኸነው ላይ ጣት ያለው የለም!»

ከዚያ ሜዳው ትርምስ ሆነ። «እኔን ደግሞ ከፈረሴ ጋር!» «እኔን ከባለቤቴ ጋር!» «እኔን ከባለቤቴ ውጭ!» ይኸነው እስኪመሽ አነሣ። ሰኞ ፎቶዎቹን ሊያሳትም ዳንግላ ወረደ፤ ስልኩን በሸሚዙ ውስጥ፣ ደረቱ ላይ አስሮ፣ ጋሪ ላይ ሲወጣ መሐል ላይ ተቀምጦ። ባሕር ዳር ላለው የእህቱ ባል «ብሎኬቱ ይቆይ» የሚል መልእክት ልኮ ነበር። እንግዳው ስልኬን አምጣ ሊለው ሁለት ጊዜ አሰበና ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ነገር አወራ።

ደብዳቤውን ለመላክ ደብሪቱ ቤት ተሰበሰቡ። ይኸነው ከዳንግላ ተመልሷል፤ ፎቶውን ኮምፒውተሩ ላይ ጭኖታል። እንግዳው በእንግሊዝኛ ጽፎ ጨረሰ፤ በሩ አንድ መሆኑን፣ ሰዉ ብዙ መሆኑን፣ ቁጥር እንዴት እንደሚታደል፣ ሁሉንም በአጭሩ። ከዚያ እጁ ቁልፉ ላይ እንዳለ ቆመ።

«ምነው?» አለችው ደብሪቱ።

«ይህም ከዚያው ከታገደው ቁጥር ነው የሚወጣው። ላያነቡት ይችላሉ። ፊንላንድ ያለ ጓደኛዬ ከራሱ ቁጥር ቢልክልን ይሻላል።»

«በሰው በር ወጥተን ‹እኛ ነን› ልንል?» አሉ አያ አዝመራው። «በራችን ይሄ ነው። በዚሁ ላከው። ደግሞ ከመጨረሻው ላይ የእኔን ቃል ጨምርበት።»

እንግዳው ቃላቸውን ጨመረ፦ «እኔ ከውድድሩ ባወጣችሁት ፎቶ፣ ፈረሱ ላይ ያለሁት ሽማግሌ ነኝ። አንድ ሰው ናችሁ ብላችሁናል። የሁላችንን ፎቶ ልከንላችኋል፤ ስንት እንደሆንን እናንተው ቆጥራችሁ ጻፉልን።»

ኔትወርኩ ሄደ፣ መጣ፣ ፎቶው እየተንፏቀቀ ወጣ። ‹ተልኳል› የሚለው ጽሑፍ ሲመጣ ይኸነው መጋረጃውን ሊያጥብ ወደ ፎቶ ቤቱ ሄደ፤ ሰልፍ እየጠበቀው ነበር። አያ አዝመራው ግን አለንጋቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተኝተው ስክሪኑ ፊት ተቀመጡ።

«አሁን ይመልሳሉ?»

«ትንሽ ጊዜ ይወስዳል፣ አያ።»

ከዚያ ወዲህ በየገበያው ቀን እየመጡ እንግዳውን ጠየቁት፤ ከባሕር ማዶ መልስ ግን አልመጣም።